ኢንክሉድ ፓዝ በብሮውዘር በኩል አልቀየር አለኝ

ሰላም ወገን፣ ሁለት ቀን ሙሉ እዚህ ላይ ተቸክያለሁ። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ፒኤችፒ 8.1ን (የዌብ ፕሮግራሚንግ ቋንቋውን) ከአፓቼ ዌብ ሰርቨር ጋር እጠቀማለሁ። የጋራ ፋይሎቼን (ሄደር፣ ፉተር፣ የዳታቤዝ መገናኛ) ከሳይቱ ፎልደር ውጭ አስቀምጬ አድራሻቸውን ፒኤችፒ ዶት አይኤንአይ (የፒኤችፒ ሴቲንግ ፋይል) ውስጥ ኢንክሉድ ፓዝ (ፒኤችፒ የሚጠሩ ፋይሎችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ላይ ጨመርኩ። ከተርሚናል ሳስኬደው ይሠራል። በብሮውዘር ስከፍተው ግን ፋይሉ የለም ይለኛል። ተርሚናሉና ዌብ ሰርቨሩ የተለያየ አይኤንአይ እንደሚያነቡ ስለገባኝ ፒኤችፒ ኢንፎ (የፒኤችፒን ሴቲንግ የሚያሳየው ገጽ) የጠቆመኝን፣ ኤፍፒኤም (ፒኤችፒን ለዌብ ሰርቨሩ የሚያስኬደው ሰርቪስ) ፎልደር ውስጥ ያለውን ፋይል አስተካክዬ፣ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለችውን፣ መስመሩን የምታሰናክለውን ሴሚኮለን አጥፍቼ አፓቼን ሪስታርት አደረግኩ። አሁንም የድሮውን ፓዝ ነው የሚያሳየው። የፋይሎቹ ፈቃድ ችግር የለበትም። በየገጹ ሙሉ አድራሻ ብጽፍ ይሠራል፣ ግን ሰርቨር በቀየርኩ ቁጥር 60 ገጽ መነካካት አልፈልግም። ከአፓቼ ሌላ ሪስታርት መደረግ ያለበት ነገር አለ ወይስ ሌላ ቦታ ያለ ፋይል ነው ሴቲንጉን የሚሽርብኝ?