ስልኩን ከመክፈቷ በፊት ምን ትሥራ?

አዳማ ነኝ። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፣ ናቹራል። ሒሳብ የማስጠናት እኔ ነኝ። ጥያቄውን ፎቶ አንስታ ለቻትጂፒቲ ትልካለች፤ አንድ በአንድ ያብራራላታል። «ገባኝ» ትላለች። ደብተሩ ሲዘጋ ግን የለም። ትናንት የ(3ኤክስ + 1)⁵ን ዴሪቬቲቭ ስጠይቃት 5(3ኤክስ + 1)⁴ ብላ ቁጭ። በ3 ማባዛቱን ረሳችው፤ መልሱ 15(3ኤክስ + 1)⁴ ነው። ያንኑ ዓይነት ጥያቄ ከትናንት ወዲያ ስልኩ ሠርቶላት ነበር።

ከዚህ በፊት ስልኩን ለሳምንት ቀምቻት ነበር። አንድ ጥያቄ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀምጣ አለቀሰች። ቀጥሎ «መጀመሪያ 20 ደቂቃ ሞክሪ» አልኳት። ሰዓቷን እያየች 20 ደቂቃው እስኪያልቅ ጠበቀች! (እኔም ብሆን አደርገው ነበር።) መብራት የጠፋ ቀን፣ ባትሪዋም አልቆ፣ በሻማ ሁለት ጥያቄ ለብቻዋ ሠራች። እነሱን እስካሁን አልረሳቻቸውም። በየቀኑ መብራት ይጥፋ ብዬ አልጸልይ ነገር።

ጭራሽ ልከለክላት አልፈልግም፤ እኔ ሥራ ስውል የሚያስረዳት እሱ ብቻ ነው። ፈተና ላይ ግን ስልክ አይገባም። አስተማሪ የሆናችሁ ወይም ልጅ የምታስጠኑ፦ ደቂቃ መቁጠሩን ትቼ፣ ስልኩን ከመክፈቷ በፊት ወረቀት ላይ ምን ጽፋ እንድታሳየኝ ልጠይቃት?