አንድ አልትራሳውንድ፣ ብዙ ተማሪ፦ ኢመርጀንሲ ላይ እንዴት ላስተምር?

ጥያቄ፣ ጠቅላላ ሐኪም (ባሕር ዳር)
ሰላም ለሁላችሁ። የሲ ዋን (የመጀመሪያ ዓመት ክሊኒካል) የሕክምና ተማሪዎችን የአልጋ ዳር አልትራሳውንድ እንዳስተምር ተመድቤያለሁ። ያለን ማሽን አንድ ነው፣ የባጃጅ አደጋ በመጣ ቁጥር ትምህርቱ ይቋረጣል። በስላይድ ሁሉንም ያውቁታል፣ ፕሮብ (ቆዳ ላይ የሚደረገውን የማሽኑን መመርመሪያ) ሲይዙ ግን ኩላሊት ማግኘት ያቅታቸዋል። እርስ በርስ ቢለማመዱም ሁሉም ጤነኛ ስለሆኑ ፈሳሽ ምን እንደሚመስል አያዩም። ምስሉ እንዲታይ ቆዳ ላይ የሚቀባው ጄልም እያጠረን ነው። ከየት ልጀምር?

የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንት
ዶክተር፣ ስላይዱ ይብቃ። ከፋስት ጀምር፣ ማለትም አደጋ የደረሰበት ሰው ሆዱ ውስጥ ወይም ልቡ ዙሪያ ደም መኖሩን በአልትራሳውንድ ቶሎ ከማየት፣ ከፋስትም ከቀኝ ጎን። ታካሚው በጀርባው ተኝቶ ሆዱ ውስጥ ሲደማ ደሙ ብዙ ጊዜ የሚጠራቀመው በጉበትና በቀኝ ኩላሊት መሃል ነው። ኮንቬክሱን (ፊቱ ጎበጥ ያለውን) ፕሮብ ይያዙ፣ ፕሮቡ ላይ ያለው ምልክት ወደ ራስጌ ይሁን፣ ከብብት መሃል ቁልቁል በሚወርደው መስመር በታችኞቹ የጎድን አጥንቶች መካከል ያስቀምጡት፣ ጥልቀቱን 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድርጉ። የአጥንት ጥላ ካስቸገረ ፕሮቡን ትንሽ ማዞር ወይም ታካሚው አየር ስቦ እንዲይዝ መጠየቅ ነው። ብዙዎቹ ሁለቱ አካላት የሚገናኙበትን መሃል አይተው ያቆማሉ። ጥቂት ደም ግን ቀድሞ የሚታየው በጉበቱ የታችኛው ጫፍ ስለሆነ እስከዚያ መውረድ አለባቸው። ይህን ሳይቸገሩ እስኪያገኙ ድረስ ወደ ግራ ጎን፣ ወደ ዳሌ፣ ወደ ልብ አትሻገር።

የራዲዮሎጂ ሐኪም
ወንድሜ፣ ከሬዚደንቱ ጋር እስማማለሁ። ግን ተማሪ «ፋስት ኔጋቲቭ» (ፈሳሽ የለም) ብሎ ጽፎ ዞር ሲል በጣም ያስፈራኛል። ፈሳሹ እንዲታይ ብዙ ጊዜ 200 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ከሆድ ዕቃ ጀርባ ያለ መድማትና የአንጀት ጉዳት ሊያመልጥ ይችላል። ታካሚው ካልተረጋጋ ይድገሙት፣ ቆይተው እንደገና ይድገሙት። እርስ በርስ ሲለማመዱም ያልታሰበ ነገር፣ እርግዝናም ቢሆን፣ ሊገኝ ይችላል። ያኔ ለማን እንደሚነገር አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ ማንም ተማሪ ደግሞ ልብሱን እንዲገልጥ አይገደድ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም
ፈሳሽ ለማየት አደጋ አትጠብቁ፣ ወደ ሜዲካል ዋርድ (የውስጥ ደዌ መኝታ ክፍል) ኑ! በጣና ዙሪያ ቢልሃርዝያ አለ፣ በእሱም በሌላም ምክንያት ጉበታቸው ታሞ ሆዳቸው ውኃ የቋጠረ ታካሚዎች ይመጣሉ። በማሽኑ ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታየውን ፈሳሽ አንዴ በዓይናቸው ካዩት አይረሱትም። ፈሳሽ ሁሉ ደም እንዳልሆነም እዚያው ይማራሉ። ፈቃድ ግን በደንብ ይጠየቅ፦ «እማማ፣ እነዚህ ልጆች ተማሪዎች ናቸው፣ ሆድዎን በማሽን ቢያዩ ይፈቅዱልናል? እምቢ ቢሉም ሕክምናዎ አይጓደልም።» እንዲህ ካልተባለ ባይታይ ይሻላል።

የኢመርጀንሲ ነርስ
ለጄሉ፣ 1 እጅ የበቆሎ ስታርች ከ10 እጅ ውኃ ጋር እያማሰሉ ማፍላት፣ ሲወፍር አውርዶ ማቀዝቀዝ። ለልምምድ ይበቃል፣ በጤነኛ ቆዳ ላይ ብቻ፣ ቁስል ላይ በፍጹም። የተረፈውን በዚያው ቀን ድፉት። ፕሮቡን በአልኮል ከመጥረጋችሁ በፊት የማሽኑን መመሪያ እዩ፣ አልኮል የሚያበላሸው ፕሮብ አለ። ገመዱ መሬት ላይ አይተው፣ የአልጋ ጎማ ይሄድበታል።

ተማሪ (ሲ ቱ)
ዶክተር፣ እባክዎ በሦስት በሦስት ይክፈሉን። ብዙ ስንሆን ፕሮቡን የሚይዘው ያው ደፋሩ ልጅ ነው። ዳሌ የምናይ ቀን ደግሞ ውኃ ጠጥተን እንድንመጣ ቀድመው ይንገሩን፣ ፊኛ ካልሞላ በደንብ አይታይም።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። በሦስት በሦስት እከፍላቸዋለሁ፣ ከቀኝ ጎን እንጀምራለን። ዋርድ የምንመጣበትን ሰዓት ከውስጥ ደዌው ዶክተር ጋር በውስጥ መስመር እንነጋገር። ስንት ጊዜ ቢሠሩ ነው «ይችላል» የሚባለው?

የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንት
የአሜሪካ የድንገተኛ ሐኪሞች ኮሌጅ ለአንድ የምርመራ ዓይነት ከ25 እስከ 50 ጊዜ ይላል፣ ያ ግን ለሐኪም ነው። ተማሪዎችህ የሚሠሩትን ሁሉ መዝግብ፣ ምስሉንም አስቀምጥና አብራችሁ እዩት። ታካሚ ላይ ሲሆን ደግሞ ውሳኔው ያንተ ይሁን፣ የእነሱ አይሁን።