ክፍሉ ውርጭ፣ ፕሮሰሰሩ 90 ዲግሪ፦ የውሃ ማቀዝቀዣዬን ከየት ልጀምር?

የጠባሴው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን ነኝ፤ የሰርግ ቪዲዮ በማቀናበር ነው የምተዳደረው።

ኮምፒውተሬን ከሁለት ዓመት በፊት ያገለገለ ገዛሁት። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 9 5900ኤክስ ነው፣ ግራፊክስ ካርዱ አርቲኤክስ 3070። ሁለቱም የሚቀዘቅዙት በአንድ የውሃ መስመር ነው። ፓምፕ አለው፣ ትንሽ ታንከር አለው፣ ባለሁለት ፋን ቀጭን የ240 ሚሊ ሜትር ራዲያተር አለው። ቱቦው ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ነው።

አምና ጥር ላይ ደህና ነበር። ዘንድሮ ግን ሬንደር (ያቀናበርኩትን ቪዲዮ ወደ መጨረሻው ፋይል ማውጣት) ከጀመርኩ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ፕሮሰሰሩ 90 ይገባል። ከዚያ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንስና የአንድ ሰዓት ሥራ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። የሚገርመው ክፍሌ ጠዋት 13 ዲግሪ ነው። ጋቢ ደርቤ ነው የምሠራው።

ሦስት ነገር አስቤአለሁ። አንደኛ፣ ቱቦውን አዘዋውሬ ከራዲያተሩ የሚወጣው ውሃ መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ ጋ እንዲደርስ ማድረግ፤ አሁን ግራፊክስ ካርዱን ነው የሚያስቀድመው። ሁለተኛ፣ ትልቅ ራዲያተር መግዛት። ሦስተኛ፣ ራዲያተሩን በመስኮት አውጥቼ በታኅሣሥ ውርጭ ማቀዝቀዝ። የጥር ሰርግ ሳይደርስብኝ መጨረስ አለብኝ። የቱ ይሻላል?

ሮቢት

ወንድሜ፣ እኔ ሸዋ ሮቢት ሆኜ በዚህ ሙቀት እየሠራሁ አንተ ደብረ ብርሃን ላይ 90 ትላለህ? ክፍሌ ከሰዓት 31 ዲግሪ ይሆናል፤ ፕሮሰሰሬ ግን ከ75 አያልፍም። የኔ ራዲያተር የ360 ነው። ያንተ አንሶሃል። ትልቁን ግዛ፣ ሌላው ድካም ነው።

የመንዟ ልጅ

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፕሮሰሰሩ 90 ሲሆን ግራፊክስ ካርዱ ስንት ነው የሚለው? ሬንደሩ በፕሮሰሰር ብቻ የሚሠራ ይሁን፤ ካርዱ ሥራ ፈት ሆኖ ቁጥሩን አንብብልን።

ይህን የምልህ ለምን መሰለህ፣ ሥራ የፈታ ካርድ ከውሃው ጋር ተቀራራቢ ሙቀት ላይ ነው የሚቀመጠው። ቴርሞሜትር ሳትገዛ ውሃህን ለካህ ማለት ነው። ውሃው ሞቆ ከሆነ ጥፋቱ ራዲያተሩ ወይም ፋኑ ጋ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ሆኖ ፕሮሰሰሩ ከጋለ ግን ሙቀቱ ገና ውሃው ውስጥ አልገባም። ያን ጊዜ ራዲያተሩን እጥፍ ብታደርገው ለውጥ የለውም።

ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ቀለሙ ምን ይመስላል? የፓምፑ ፍጥነትስ ስንት ላይ ነው?

የጠባሴው

እህቴ፣ አሁን ለካሁ። ፕሮሰሰሩ 90፣ ካርዱ 29! ክፍሉ 15 ዲግሪ ነው።

ውሃው ስገዛው እንደ መስታወት ነበር፤ አሁን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ድፍርስ ሆኗል። ቱቦውም ደመና ለብሷል። ፓምፑ ዲ5 የሚባለው ዓይነት ነው፤ ጀርባው ላይ ያለችው የፍጥነት ቁጥር 1 ላይ ናት። ያጉረመርም ስለነበር እኔው ነኝ ዝቅ ያደረግሁት። ውሃው አምና ጎድሎ ነበርና ጥገና ቤት ወስጄ አስሞልቼዋለሁ። በምን እንደሞሉት አልጠየቅሁም።

የመንዟ ልጅ

በቃ፣ ጥፋቱ ተገኘ። በ29 እና በ90 መካከል የ61 ዲግሪ ልዩነት አለ። ጤነኛ መስመር ላይ ባንተ ፕሮሰሰር ይህ ልዩነት 35 ወይም 40 ቢሆን ነው። የፕሮሰሰሩ ብሎክ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ላይ ተቀምጦ ውሃ የሚያልፍበት ብረት፣ ተደፍኗል ብዬ እገምታለሁ።

ብሎኩ ውስጥ ከመዳብ የተፈለፈሉ ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ ክፍተታቸው ከወፍራም ወረቀት ብዙ አይበልጥም። መስመርህ ውስጥ የሚዞር ቆሻሻ ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነው፤ እንደ ወንፊት ይይዘዋል። የቧንቧ ውሃ ሞልተውበት ከሆነ ነጭ ደለል ይተዋል። ፀረ አልጌ ካልገባበት አረንጓዴው ይበቅላል። ከቱቦውም ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ቅባት ይወጣና እንደ ሙጫ ይጣበቃል። አንተ ጋ ሦስቱም ሳይኖሩ አይቀሩም። በዚያ ላይ ፓምፑ በዝቅተኛው ፍጥነት ነው የሚዞረው።

የፊዚክስ መምህር

ልጄ፣ የመንዟ ልጅ ያለችው ትክክል ነው። እኔ የቀሩትን ጥያቄዎችህን ልመልስልህ።

ስለ ቱቦው ቅደም ተከተል። ውሃ በደቂቃ 4 ሊትር ቢፈስ፣ አንድ ዲግሪ ለመጨመር 280 ዋት ገደማ ይፈልጋል። ያንተ ፕሮሰሰር ቢበዛ 142 ዋት፣ ካርዱ 220 ዋት ነው። ሁለቱ ተደምረው 362 ዋት ይሆናሉ። ስለዚህ ውሃው ሙሉውን መስመር ሲዞር የሚጨምረው 1.3 ዲግሪ ብቻ ነው። ማን ይቅደም ማን ይከተል ልዩነት የለውም። አንድ ነገር ብቻ ጠብቅ፤ ታንከሩ ከፓምፑ በላይ ሆኖ ውሃው በቀጥታ ይውረድለት። ፓምፕ ደረቁን ከዞረ ይቃጠላል።

ስለ መስኮቱ። ይህን አደራ እንዳታደርገው። ራዲያተሩ ክፍል ውስጥ እስካለ ድረስ ውሃህ ከክፍሉ አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም። ውጭ ስታወጣው ግን ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ያለው እርጥበት፣ የቡናው እንፋሎትና የትንፋሹ ሁሉ፣ ብሎኩና ቱቦው ላይ ጤዛ ሆኖ ይቋጥራል። ጤዛው ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ይንጠባጠባል። ሌሊት ኮምፒውተሩን አጥፍተህ ስትተኛ የባሰ ነገር ይመጣል። ታኅሣሥ ላይ የደጃችን ውሃ ጠዋት በረዶ ጋግሮ እንደምናገኘው ታውቃለህ። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። የራዲያተሩ ቀጭን መስመር ያንን አይችልም፤ ይሰነጠቃል።

ሮቢትም ያላየው ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። እኛ ጋ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 71 በመቶ አካባቢ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ብርዱ ያካክስልናል እንጂ አየራችን ለራዲያተር የተመቸ አይደለም። በኢንተርኔት የምናየው የራዲያተር ልኬት አብዛኛው ቆላ ላይ የተለካ ስለሆነ፣ ስትገዛ ትንሽ ተረፍ አድርገህ አስብ።

ሮቢት

መምህር፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ባይሉኝ ልጁን ያለ ወጪ ወጪ ላስወጣው ነበር።

የጠባሴው

መምህር አመሰግናለሁ። መስኮቱን ትቼዋለሁ። እንግዲህ ልፍታው ነው። ፈትቼ ስለማላውቅ ቅደም ተከተሉን ንገሩኝ። ውሃስ ከየት ላምጣ? የታሸገ የመጠጥ ውሃ ይሆናል?

የደብረ ሲናው

ሰላም። እኔ በዓመት አንዴ የራሴን እፈታለሁ፤ ብዙ አያስፈራም፤ ቀኑን ሙሉ ብቻ ስጠው።

የታሸገ ውሃ አይሆንም። ንጹሕ ነው ግን ማዕድን አለው። የሚያስፈልግህ ዲስቲልድ ውሃ ነው፤ ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው። ሱቅ ስትሄድ ጠርሙሱን አንብብ። ጎን ለጎን የባትሪ አሲድ ይሸጣሉ፤ ሁለቱንም የባትሪ ውሃ ብሎ የሚጠራ ሻጭ አለ። አሲድ ከሆነ ብሎክህን ይበላዋል፣ እጅህንም ያቃጥላል። አምስት ሊትር ግዛ፤ አብዛኛው ለማጠቢያ ነው የሚሄደው። ከፀረ አልጌ ጋር የተዘጋጀ የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከአዲስ አበባ የሚያመጣልህ ካገኘህማ እሱ ይሻላል። አልኮል ግን አትጨምር፤ አክሪሊክ ታንከር ይሰነጥቃል።

ስትፈታ ገመዱን ከግድግዳው ንቀል። ውሃውን በታንከሩ ቀዳዳ አፍስስ። ብሎኩን ከፕሮሰሰሩ ስታነሳ ወደ ላይ አትንቀል፤ ቀኝና ግራ ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያደረግህ አላቅቀው። የራይዘን 5000 ፕሮሰሰር እግሮቹ ራሱ ላይ ስለሆኑ ከሶኬቱ ተነቅሎ ሊመጣብህ ይችላል። ቀድመህ አሥር ደቂቃ አሠርተኸው ሞቅ ሲል ብትፈታው በሁለቱ መካከል የተቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ይለሰልሳል።

ብሎኩን ስትከፍተው ከመፍታትህ በፊት ፎቶ አንሳ። ውስጡ ያለችው ስስ ብረትና ጎማዋ አቀማመጣቸው ካለፈህ ትቸገራለህ። መስመሮቹን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በመስመሩ ርዝመት ብቻ እሽ። ነጩ ደለል እምቢ ካለህ፣ ብሎኩ ራቁት መዳብ ከሆነ ውሃ የተቀላቀለበት አቼቶ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆየው። ኒኬል የተለበጠ ከሆነ አቼቶ አታስነካው። በመጨረሻ በዲስቲልድ ውሃ እጠበው።

ራዲያተሩን ሞቅ ባለ ዲስቲልድ ውሃ ግማሽ ድረስ ሙላና ቂቤ እንደምትንጥ ናጠው። ድፋው፣ ድገም። የሚወጣው ውሃ ነጭ ጨርቅ ላይ ቀለም እስካይተው ድረስ።

አንድ ነገር ረስቼ፤ ራዲያተሩ አሉሚኒየም እንዳይሆን አረጋግጥ። ብሎኩ መዳብ ሆኖ ራዲያተሩ አሉሚኒየም ከሆነ ውሃው መሃል ገብቶ አንዱ ሌላውን ይበላል፤ ብታጥበውም ተመልሶ ይደፈናል። ከማይታይ ቦታ ቀለሙን በቢላ ጫፍ ፋቅ አድርግ። ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ናስና መዳብ ነው። ብርማ ሆኖ ራዲያተሩም እጅግ ቀላል ከሆነ ጠርጥር።

የመንዟ ልጅ

ቱቦውንም አብረህ ቀይር። ይህ ደመና የለበሰ ቱቦ ቅባቱን አራግፎ አልጨረሰም። ጥቁሩን ኢፒዲኤም የሚባለውን ጎማ ፈልግ፤ አያምርም፣ ግን ምንም አይለቅም። ስትገዛ የውስጥና የውጭ ልኬቱ ከፊቲንግህ (ከቱቦው መጋጠሚያ) ጋር መግጠሙን እይ።

ከሞላኸው በኋላ ኮምፒውተሩን ወዲያው እንዳታስነሳ። የፓወር ሰፕላዩን ገመዶች ከማዘርቦርዱም ከካርዱም ንቀል፤ ፓምፑ ብቻ ይቅር። ማብሪያው ጠፍቶ ሳለ ባለ 24 ቀዳዳው ሶኬት ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንድ ጥቁር ጋር አገናኝ፤ ከዚያ አብራ። ፓምፑ ብቻ ይዞራል። ገመድህ ሁሉም ጥቁር ከሆነ በግምት አትንካ፤ ለዚሁ የተሠራች ትንሽ ሶኬት አለች። ታንከሩ ሲጎድል ቶሎ አጥፋ፣ ሙላ፣ ድገም። በየመጋጠሚያው ሶፍት ጠቅልልና ጥቂት ሰዓት ይዙር። አንዲት ጠብታ ብትወጣ ሶፍቱ ይነግርሃል።

አየሩ እንዲወጣ ኬዙን ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ ዘንበል አድርገው። አምና ያጉረመርም የነበረው ፓምፑ ተበላሽቶ አይመስለኝም፤ የታመቀ አየር ነው። አየሩ ሲያልቅ ቁጥሩን 3 ወይም 4 ላይ አድርገው።

የጠባሴው

ቅዳሜ ሙሉውን ፈጀብኝ፤ ግን ጨረስኩ። ፎቶ ማያያዝ አልቻልኩምና በቃል ልንገራችሁ። ብሎኩን ስከፍተው መስመሮቹ አይታዩም ነበር። ከላይ እንደ አጃ ገንፎ ያለ ነጭና አረንጓዴ ነገር ጋግሮበታል። በጥፍሬ ስነካው እንደ ሰም ተላጠ። ሥሩ መዳቡ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ራዲያተሩን ፋቅ ሳደርገው ቢጫ ወጣ፤ ተመስገን ነው። አምስት ጊዜ ናጥኩት፤ አምስተኛው ላይ ጠራ።

አሁን በዚያው ሬንደር፣ ክፍሉ 15 ሆኖ፣ ፕሮሰሰሩ 66 ላይ ቆሟል። ሥራ የፈታው ካርድ 28። ፓምፑ 3 ላይ ነው፤ ድምፁ አይሰማኝም።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ፕሮሰሰሩና ካርዱ አብረው ሲሠሩ ታንከሩ ሞቅ ይላል። በኩሽና ቴርሞሜትር ውሃውን ስለካው 37 ሆነ። ችግር አለው?

የፊዚክስ መምህር

የሚሰብር ነገር የለውም፤ ግን እዚህ ላይ ሮቢት እውነቱን ነው። ውሃው ከክፍሉ 22 ዲግሪ በልጧል። ጥሩ የሚባለው 10 አካባቢ ነው፤ እስከ 15 ይታገሱታል። በተለምዶ አንድ የ120 ሚሊ ሜትር ክፍል በ10 ዲግሪ ልዩነት 100 ዋት ያህል ይጥላል ብለው ይገምታሉ። ያንተ ሁለት ክፍል ነው፤ ሙቀቱ 362 ዋት። በኛ ስስ አየር ሲሆን 22 መድረሱ አይገርምም። ከፋሲካ በኋላ ክፍሉ ሲሞቅ ውሃውም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ሮቢት

ስለዚህ የ360ውን ከሰርጉ ገንዘብ ግዛ፤ አሁን አትቸኩል። የድሮውንም አትጣለው፤ ሁለቱን አያይዛቸው። እስከዚያ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ግባና የፕሮሰሰሩን ፍጆታ የሚቀንሰውን ኢኮ ሞድ 65 ዋት ላይ አብራው። ስሙ 65 ቢልም ፕሮሰሰሩ ቢበዛ የሚወስደው ከ142 ወደ 88 ዋት ይወርዳል። ሬንደሩ ጥቂት ቢዘገይ ነው፤ እንደ ድሮው እጥፍ አይሆንም። ፋኖችህንም በፕሮሰሰሩ ሙቀት ሳይሆን በውሃው ሙቀት እንዲታዘዙ አድርግ፤ ማዘርቦርድህ የሙቀት መለኪያ ሽቦ መሰኪያ ካለው ርካሽ ሴንሰር ይበቃል። በየደቂቃው መጮሃቸውን ያቆማሉ።

የደብረ ሲናው

የራዲያተሩን አቧራም በቀለም ብሩሽ በየወሩ ጥረገው። ፋኖቹን አውልቀህ በስተጀርባቸው እይ፤ ፀጉርና አቧራ ተጋግሮ እንደ ሱፍ የሚቀመጠው እዚያ ነው። አንተ በጋቢ ስለምትሠራ ደግሞ ጥጡ አይቀርልህም።

የጠባሴው

ፋኖቹን አሁን አወለቅኋቸው። የጥጥ ምንጣፍ ነው ያገኘሁት። ጠርጌ ኢኮ ሞዱን ስሞክር ሁለቱ አብረው እየሠሩ ውሃው 32 ላይ ቆመ። የጥርን ሥራ በዚህ እወጣዋለሁ። የ360ውን ስገዛ ልኬቱን እዚሁ ልጽፍላችሁ።