ሰው አቻውን የሚያገባው መርጦ ነው ወይስ ሌላ ስለማያገኝ?

ዘአራት ኪሎ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ በአራት ኪሎና በፒያሳ ዙሪያ ባሉ ባለትዳሮች ላይ ነው። ባለዲግሪ ባለዲግሪ ያገባል፣ ከስምንተኛ ያቋረጠም መሰሉን። አማካሪዬ ግን «ስለሚፈላለጉ ነው ወይስ ሌላ ሰው ስለማያገኙ? ይህን ለይተሽ አምጪ» አሉኝ። 150 ጥንድ ማነጋገር እችላለሁ። ከየት ልጀምር?

ሰንጠረዥ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ሰዉ በዕጣ ቢጋባ ኖሮ ምን ይመጣ እንደነበር አስዪ። ከ100 ጥንድ 40 ባሎችና 30 ሚስቶች ዲግሪ አላቸው እንበል። በዕጣ ቢሆን ሁለቱም ባለዲግሪ የሚሆኑት 12 ጥንዶች ናቸው። መስክ ላይ 24 ካገኘሽ እጥፍ ነው፤ መሳሳብ የሚባለው ይሄ ትርፉ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ድሮ የተጋቡትን ካሁኖቹ ጋር ስታነጻጽሪ ነው። በቅርብ ከተጋቡ 100 ጥንዶች 60 ባሎችና 60 ሚስቶች ዲግሪ ኖሯቸው፣ በ48ቱ ሁለቱም ባለዲግሪ ቢሆኑ፣ «ከ24 ወደ 48 አደገ፣ ሰው አቻ መፈለጉ ባሰበት» ተብሎ ይጻፋል። በዕጣም ቢሆን እኮ 36 ይገኝ ነበር! ስለዚህ አራቱን ሳጥን ሞልተሽ ኦድስ ሬሾ አውጪ (የመሳሳብ መለኪያ ነው፤ 1 ከሆነ መሳሳብ የለም፣ ከ1 በላይ በራቀ ቁጥር መሳሳቡ ይጠነክራል)። የድሮዎቹ፦ ሁለቱም 24፣ ባል ብቻ 16፣ ሚስት ብቻ 6፣ ሁለቱም የሌላቸው 54። 24×54 ለ16×6 ሲካፈል 13.5 ይመጣል። የአሁኖቹ 48×28 ለ12×12 ሲካፈል 9.3 ገደማ። ቁጥሩ እጥፍ ሆኖ መሳሳቡ ላልቷል። ዩኒቨርሲቲ በየቦታው በተከፈተበት አገር ይህን ሳያስተካክሉ መደምደም ከንቱ ነው።

በ150 ጥንድ ትምህርትን አምስት ደረጃ አታድርጊው። 25 ሳጥን ይሆንና ለአንዱ በአማካይ 6 ጥንድ ይደርሰዋል፣ ዳርና ዳሩ ባዶ ይቀራል። ሦስት ይበቃሻል፦ እስከ 8ኛ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ፣ ከዚያ በላይ። ለማነጻጸሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የጥንዶች ፋይል አለው፤ ሴቶቹ ከ15 እስከ 49፣ ወንዶቹ ከ15 እስከ 59 ዓመት ናቸው። የናሙና ክብደቱን (እያንዳንዱ መላሽ ምን ያህል ሕዝብ እንደሚወክል የሚያሳየውን ቁጥር) ሳታስገቢ ግን አትቁጠሪ።

ሰፈርተኛ፦
ስሌቱ ልክ ነው፣ ምክንያቱን ግን አይነግራትም። መጠይቅሽ ላይ «መጀመሪያ የት ተዋወቃችሁ?» የሚል ይግባ።

ካምፓስ የተዋወቁትን ለብቻ አውጪ። እነሱን ገና ሳይተያዩ የ12ኛ ክፍል ፈተና አበጥሯቸዋል። የአዲስ አበባው ልጅ ጅማ ወይም ጎንደር ሲመደብ የትውልድ አካባቢው ይቀላቀላል፣ የትምህርቱ ደረጃ ግን ያው አንድ ነው። እዚያ አቻ መገኘቱ ስለ ምርጫ ምንም አያስረዳም። ቀጥለሽ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ጽዋ ማኅበር፣ መስጊድ አካባቢ ወይም ቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ የተዋወቁትን እዪ። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ በመሀል ከተማ አስተማሪውም ሊስትሮውም በአንድ የግቢ በር ሲወጣና ሲገባ ኖሯል። ከእንዲህ ያለ ቦታ የተገኙትም አቻቸውን ካገቡ፣ ያኔ «ምርጫ ነው» ለማለት አፍ ይኖርሻል። (የእምነት ቦታ የተማረውን ካልተማረው ይቀላቅላል እንጂ ሃይማኖትን አይቀላቅልም፤ ሃይማኖትን ለብቻው ጠይቂ።)

ቤተሰብም አለ። ሽማግሌ ተልኮ «እንመካከርና ሌላ ቀን ኑ» ሲባል፣ «የማን ልጅ ነው? ምን ይሠራል?» የሚጣራው በዚያች ቀጠሮ መሀል ነው። ዛሬ ዛሬ ግን ሽማግሌ የሚደርሰው ልጆቹ ከጨረሱ በኋላ ስለሆነ፣ ዋናው ማጣሪያ ቀደም ሲል እናትና አክስት የሚሰነዝሩት ቃል ነው። «ከዚህ በፊት ቤተሰብ ያልወደደው ሰው ነበር? በምን ምክንያት?» ብለሽ ጠይቂ። ያልሰመረውን ካልጠየቅሽ የቤተሰብ እጅ አይታይሽም።

የማታው፦
ሁለት ነገር ልጨምር። ሲጋቡ የነበራቸውን ትምህርት ጠይቂ። 12ኛ ጨርሳ ያገባችና በኋላ በማታ ወይም በርቀት ዲግሪ የያዘች ሴት ዛሬ የባሏ አቻ ትመስላለች፤ አቻ ያደረጋት ግን ከትዳር በኋላ የተማረችው ነው። ከላይ የተባለው ፋይልም የሚይዘው በጥናቱ ቀን ያለውን ነው።

ሌላው፣ ከገጠር መጥተው በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ያላገቡ ወጣት ሴቶች ከተማው ውስጥ ብዙ ናቸው። የዕጣ ስሌትሽን ከነዋሪው ሁሉ ካወጣሽ የሴቶቹ የትምህርት ድርሻ ዝቅ ይልና መሳሳቡ ተጋንኖ ይታያል። ከባለትዳሮች ብቻ ካወጣሽ ደግሞ አቻ አጥቶ ሳያገባ የቀረው ይረሳል። ሁለቱንም አስልተሽ ጎን ለጎን አቅርቢ።

ሰንጠረዥ፦
እውነቱን ነው። ለቲዎሪ ምዕራፍሽ ደግሞ የኢኮኖሚ ሊቁን የጋሪ ቤከርን የ1973 (እ.ኤ.አ.) የጋብቻ ሐሳብ አትዝለይ። በትምህርት ተመሳሳዮች ይጋባሉ፣ በደመወዝ ግን የተለያዩት ቢጋቡ ይጠቅማል ይላል፤ አንዱ ውጭ ሲሠራ ሌላው ቤት ስለሚይዝ። ሁለት ደመወዝ ለኪራይና ለልጅ ትምህርት ቤት በማይተርፍበት መሀል አዲስ አበባ፣ ሁለተኛው ክፍል ይሠራል ብዬ አላምንም።

ዘአራት ኪሎ፦
ተባረኩ! ከፒያሳ የተነሱትንስ ልቁጠር?

ሰፈርተኛ፦
የግድ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ከተነሱት ውስጥ ብዙ የቀበሌ ቤት ነዋሪ አለ። አሁን እዚያ ያለውን ብቻ ከያዝሽ ያ የተቀላቀለ ግቢ ከናሙናሽ ይወጣል። ከ150ው 50 ያህሉን ከተነሱት ውሰጂ፤ ዕድራቸው ካልፈረሰ በዕድሩ ዳኛ በኩል ማግኘት ይቀላል። ባልና ሚስትን ደግሞ ለየብቻ አነጋግሪ። «ማን አስተዋወቃችሁ?» ስትያቸው አብረው ከተቀመጡ አንዱ የሌላውን ፊት አይቶ ነው የሚመልስልሽ።