ስላይዴ ትምህርት ቤት ሲከፈት ፊደሉ ይዘባረቃል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የ7ኛ ክፍል መምህር ነኝ። ስለ ጣና ሐይቅ በፓወርፖይንት ትምህርት አዘጋጀሁ። ቤት ላፕቶፔ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። በፍላሽ ወስጄ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግን «ጣና» ያልኩት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ቁጭ! ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። በጠመኔ ጨረስኩት።

የጻፍኩት ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት የሚለዩበት የጋራ ኮድ) ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ነው። ኒያላ በሚባለው የዩኒኮድ ፎንት የጻፍኩት ርዕስ ብቻ ደህና ወጥቷል። 40 ስላይድ እንደ አዲስ ሳልተይብ ወደ ዩኒኮድ የምቀይርበት መንገድ አለ? ፒዲኤፍ ባደርገው ፊደሉ ይተርፋል፤ ግን ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ የሚያሳየው አኒሜሽን ይቀርብኛል። የለፋሁት ደግሞ እሱ ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት ክፍል አለኝ።