ሰንበት ተማሪዎቻችን ክላሽ ይዘው ፎቶ ሲነሱ ዝም ልበል?

ሰላም ለናንተ ይሁን፣ ከወልድያ ነኝ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ህጻናት አስተምራለሁ። ጥር 11 ታቦት ሸኝተን ስንመለስ ልጆቹ የመዝሙር ልብሳቸውን እንደለበሱ ከአንድ ሚሊሻ ክላሽ ተቀብለው ተራ በተራ ፎቶ ተነሱ፣ ማታ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ተለጠፈ፣ ትንሹ 13 ዓመቱ ነው። ሌሎቹ አስተማሪዎች ጀግና ጀግና እያሉ ኮሜንት ሲጽፉ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ እዚሁ ሲደርስ ስንቱን ቀበርን እኮ! አክርሬ ነው?

መልስ፦ እህቴ እኛ ገጠር ነን፣ አባቴ መሳሪያ ሳይዝ ማሳ አያድርም፣ ቤቱን የሚጠብቅለት ሌላ የለውም። ግን ቤተክርስቲያን ሲሳለም ከቅጥሩ ውጭ ለሰው አስይዞ ነው የሚገባ፣ እና ከመዝሙር ልብስ ጋር ለኔም አልተዋጠልኝም።

መልስ፦ አላከረርሽም። ጴጥሮስ እኮ ሰይፍ የመዘዘው ለጌታ ብሎ ነው፣ ጌታ ግን መልሰው አለው፣ ጴጥሮስ የቆረጠውን የማልኮስን ጆሮም ፈወሰለት። ሊይዘው የመጣውን ሰው! ከነዚህ ልጆች መሀል ነገ ዲያቆን ቄስ የሚሆኑ አሉ፣ እጁ ደም የነካ ደግሞ መቅደስ ገብቶ አይቀድስም፣ ይሄን ማን ይንገራቸው እኛ ካልነገርናቸው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ ከሐይቅ፣ የኛም ልጆች እንደዛው ናቸው። ግሩፕ ላይ አትከራከሪ፣ እናቶቻቸውን ቡና ላይ አናግሪ።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የ13 ዓመቱ ልጅ እናት ጎረቤቴ ናት፣ ዛሬ ማታ እሄዳለሁ።