የብረት ምሰሶው ሥር ኩራዝ፦ ሰብስቴሽኑ ለማን ነው?

አወያይ፦ ትናንት አራት ኪሎ ማኪያቶ ላይ የጀመርነውን እዚህ እንጨርሰው። ጥያቄው፦ ገጠር ላይ ትልቅ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ (ሰብስቴሽን) ሲተከል ለአካባቢው ሰው ምን ይፈይዳል? መነሻችን ወላይታ ሶዶ ነው። ከዚያ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር መስመር ተዘርግቷል። ስድብ የለም።

የሶዶዋ ልጅ፦ እኔ እዚህ ስታዲየም አካባቢ እሠራለሁ። እናቴ ግን ገጠር ናት። ደጇ ላይ ቁጭ ብላ የብረት ምሰሶው ይታያታል፤ ማታ የምታበራው ኩራዝ ነው። ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ገበያ ትወርዳለች። እህል ለማስፈጨት የናፍጣ ወፍጮ ደጅ ትሰለፋለች፣ ናፍጣ ከጠፋ ደግሞ ይዛው ትመለሳለች። ይሄን ምን ብዬ ላስረዳት?

ኢንጂነሩ፦ ከዚያ መስመር ላይ ገመድ ጠልፎ ቤት ማስገባት አይቻልም በያት። 500 ኪሎ ቮልት ነው፣ ያውም ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ። ቀጥታ አውቶብስ በይው፤ ሶዶ የጫነውን ሱስዋ ነው የሚያራግፈው። መሃል ላይ ለማውረድ ሌላ ግዙፍ መቀየሪያ ጣቢያ መሥራት ሊኖርብሽ ነው። ቮልቴጁ ከፍ ያለውም ለጉራ አይደለም። ያንኑ ኃይል በእጥፍ ቮልቴጅ ስትልኪው ከረንቱ፣ በሽቦው የሚፈሰው ጅረት፣ በግማሽ ይቀንሳል፣ ሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ወደ ሩብ ይወርዳል።

የሶዶዋ ልጅ፦ እሺ፣ ዲሲው ይቅር። ሶዶ የሚደርሰው ግን በ400 ኪሎ ቮልት ኤሲ፣ እንደ ቤታችን መብራት አቅጣጫው በሚለዋወጠው፣ ነው አይደል? ወደ 132፣ ከዚያ ወደ 33 እና 15 አውርዱታ! የቀረው የእንጨት ምሰሶና ትንሽ ትራንስፎርመር ነው። 2,000 ሜጋ ዋት የሚሸከም መስመር የዘረጋ አገር የባሕር ዛፍ ምሰሶ አቃተው?

ባለ ዳቦ ቤቱ፦ እህቴ፣ እኔ መሃል ከተማ ሆኜ እንኳ መብራት ሲሄድ ሊጤ ይኮመጥጣል። መጀመሪያ ለኬንያ ይሸጥ። ዶላሩ ትራንስፎርመር ይገዛል።

የሶዶዋ ልጅ፦ ዶላሩ ሶዶ ገጠር ድረስ በእግሩ ይመጣል?

ባለ ዳቦ ቤቱ፦ 😂 እሱስ እውነት ነው።

ጋሼ፦ ልጆች፣ አንድ ነገር ረስታችኋል። ሥራው በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ድርጅት ተከፍሏል። ማመንጫው፣ ትልቁ መስመርና ሰብስቴሽኑ የአንዱ ነው፤ የሠፈር ምሰሶና ቆጣሪ የሌላው። አንዱ ሪባን ቆርጦ ሲሄድ ሌላው በጀት ገና ይጠይቃል። እኔ ጥፋቱን የማየው እዚህ ጋ ነው።

ኢንጂነሩ፦ ጋሼ ልክ ነዎት። ግን ሰብስቴሽኑን አናሳንሰው። ከጣቢያው በጣም በራቀ የ33 መስመር ጫፍ ላይ ያለ ቀበሌ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማታ አምፖሉ እንደ ሻማ ይደበዝዛል። የወፍጮ ሞተር ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም። ምሰሶ ብቻ ቢደረደር ያንን አይፈታም፤ ጣቢያው መቅረብ አለበት።

የሶዶዋ ልጅ፦ ያለ ሰብስቴሽን ይሁን አላልኩም እኮ። የ33ቱ በጀት ከሰብስቴሽኑ ጋር በአንድ ውል ይያዝ ነው የምለው።

ኢንጂነሩ፦ እዚህ ላይ ተስማማን። ግን ሁሉም ቀበሌ በአንድ ዓመት አይደርሰውም። ማን ይቅደም?

ባለ ዳቦ ቤቱ፦ ጤና ጣቢያ ያለበት።

ጋሼ፦ ትምህርት ቤትም አለ።

የሶዶዋ ልጅ፦ እናቴን ደውዬ ጠየቅኳት። «ወፍጮ ያለበት» ብላለች።